ሚኒ ኮምፒውተር ስትገዙ የማይቀየረውን እዩ፣ የሚቀየረውን በኋላ ታሳድጉታላችሁ

ከውጭ አገር ቢሮዎች የወጡ ሚኒ ኮምፒውተሮች አሁን በየሱቁ አሉ። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ሦስቱም በጎንና በጎን ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ውፍረታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። ከሞኒተር ጀርባ ይንጠለጠላሉ። ከባድ ሥራ ካልተሰጣቸው የሚወስዱት ኃይል 10 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ዩፒኤስም ጥሩ አድርጋ ታቆያቸዋለች። ለተማሪ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለሂሳብ ሠራተኛ ከበቂ በላይ ናቸው።

ችግሩ ስንገዛ የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ሱቅ ገብተን መጀመሪያ የምንለው "ራሙ ስንት ነው? ሃርድ ዲስኩስ?" ነው። ሁለቱም ግን ቤት ውስጥ በአንድ ካቻቪቴ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው። የማይቀየረውን ደግሞ ሳናየው ከፍለን እንወጣለን። እስቲ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው።

ሱቅ ውስጥ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ እዩ። "አይ ሰቨን ነው" ሲሏችሁ እዚያ ላይ አትቁሙ። ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም ትውልዱ፣ ስንተኛ ነው? ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግራችኋል። አይ 5-8500ቲ ከሆነ ስምንተኛ ነው። አይ 7-6700ቲ ከሆነ ስድስተኛ። አምስት አሃዝ ካለው፣ ለምሳሌ 10500ቲ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ፤ አሥረኛ ነው።

እነዚህን ሁለቱን እናወዳድር። 6700ቲ አራት ኮር፣ ማለትም አራት የሥራ ክፍል፣ አለው። 8500ቲ ስድስት ኮር አለው። ከዚህም በላይ ዊንዶውስ 11ን ማይክሮሶፍት በይፋ የሚደግፈው ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ከጥቂት በስተቀር ሰባተኛና ከዚያ በታች ያሉት ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14፣ 2025 ማለት ነው። ስለዚህ ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን እና ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ ዓይኔን ሳላሽ አይ ፋይቩን አነሳለሁ።

"በኋላ ፕሮሰሰሩን እቀይረዋለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። በእነዚህ ሚኒዎች ላይ ፕሮሰሰሩ በርግጥ ይነቀላል። ግን ለስድስተኛና ለሰባተኛ የተሠራ ማዘርቦርድ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ስምንተኛውን አያስነሳም። ሶኬቱ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። በተግባር የገዛችሁት ጄኔሬሽን እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይኖራል።

መጨረሻ ላይ ያለችው ቲ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ለ35 ዋት የተሠራ ነው ማለት ነው። ቲ የሌለው 65 ዋት የሚደርስ አለ። እሱ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቻርጀሩም ተለቅ ያለ መሆን አለበት።

ቻርጀር ካልን ዘንዳ፣ የራሱ ቻርጀር አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ዴል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የዴል ማሽን ቻርጀሩን ያነጋግረዋል። የማያውቀው ከሆነ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ሊያዘገየው ይችላል። ጫፉ ልክ ሆኖ የገባ ሁሉ ቻርጀሩ ነው ማለት አይደለም። ሌኖቮ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ ባለ 20 ቮልት ነው የሚጠቀመው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከሆነ አትስጉ፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት በእኛ 220 ቮልት በደንብ ይሠራል። የሚለየው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ባዮስ ግቡ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ዋና ሴቲንግ ነው። ይሄን ሳታደርጉ ገንዘብ አታውጡ። ማሽኑ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ የቀድሞው ቢሮ ቆልፎት ነው የሄደው። ሻጩ "ችግር የለም፣ እናስከፍተዋለን" ካለ፣ ተከፍቶ እዩት፤ ከዚያ ክፈሉ። የተቆለፈ ባዮስ ማለት ከፍላሽ ማስነሳትም፣ ሴቲንግ መቀየርም የማይቻልበት ማሽን ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን ቀኑን ተመልከቱ። ባዮሱ ላይ ያለው ቀን የዛሬ ስንት ዓመት ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማለች። አትደንግጡ። ሲአር 2032 ትባላለች፤ በየሰዓት ሱቁ ትገኛለች።

የምስል መውጫውንም እዩ። ብዙዎቹ ዲስፕሌይፖርት ነው ያላቸው። ኤችዲኤምአይ ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። ቤታችሁ ያለው አሮጌ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ከሆነ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ሲገዙ አብሮ ማሰጠት ነው፤ በኋላ ለብቻው ሲሉት ዋጋ ይኖረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለቢሮ ሚኒዎች ነው። እንደ ኤን100 ባሉ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት አዳዲስ ትንንሽ ሳጥኖች ሌላ ናቸው። አንዳንዶቹ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ማክ ሚኒም ከ2020ው የኤም 1 ሞዴል ጀምሮ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ መጨመር የለም። ራሙ የሚቀየረው የመጨረሻው ማክ ሚኒ የ2018ቱ ነው። እንዲህ ያለውን ስትገዙ ለነገ የሚበቃችሁን ራም ዛሬውኑ ነው መግዛት ያለባችሁ።

ምን ምን እንደሚጨመር መለየት

ማሽኑ ቤት ገባ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ። ከታች በቀኝ በኩል ትንንሽ ጽሑፎች አሉ። ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይናገራል። "ከ2ቱ 1 ተይዟል" የሚል ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ያለውን ሳትጥሉ አንድ ብቻ ትጨምራላችሁ።

የእነዚህ ሚኒዎች ራም የላፕቶፑ አጭሩ ነው፣ ኤስኦዲም የሚባለው። የትልቁ ዴስክቶፕ ረጅም ራም አይገባም። ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ጄኔሬሽን ያሉት በአብዛኛው ዲዲአር 4 ናቸው። ግን ስድስተኛ ላይ ዲዲአር 3ኤል የሚጠቀምም ስላለ ሳትከፍቱ አትግዙ። ራሙ ላይ ያለው ወረቀት ፒሲ 4 ብሎ ከጀመረ ዲዲአር 4 ነው። ፒሲ 3ኤል ካለ አሮጌው ነው። ጥርሳቸው መካከል ያለው ቁራጭ የሚገኝበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። እምቢ ሲል በጉልበት የሚሞክር ሰው ግን ማዘርቦርዱን ይሰብራል።

ስንት ይበቃል? ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ኤክሴል ለሚከፍት ሰው 8 ጊጋ ያስኬዳል፤ 16 ጊጋ ግን እፎይ ያሰኛል። ከ16 በላይ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ ነው። ከአንድ 16 ይልቅ ሁለት 8 ይሻላል። ምክንያቱም ሚኒዎቹ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም፤ ምስሉን የሚሠራው ክፍል ከዚያው ራም ነው የሚበደረው። ሁለት ስሎት ሲሞላ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። ፍጥነት ላይ አትጨናነቁ። ስድስተኛው 2133፣ ሰባተኛው 2400፣ ስምንተኛው አይ ፋይቭ 2666 ነው የሚጠቀመው። 3200 ብትከቱለት ራሱ ወደሚችለው ዝቅ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ማሽኑ እስካሁን ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ሌላውን ሁሉ ተዉና ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለበትን ፈጣን ማስቀመጫ፣ ግዙ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል፤ ጭንቅላቱም ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። ማሽኑ ሀንግ የሚያደርገው ፕሮሰሰሩ ስለደከመ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ ካያችሁት ይኸው ነው።

ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንዱ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ያለው ባለ 2.5 ኢንች ነው፤ ሳታ በሚባለው የቆየ የዲስክ መገናኛ ይሠራል፤ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ሌላው እንደ ማስቲካ የቀጠነው ኤም ዶት ቱ ነው። ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣን መገናኛ የሚሠራው በእነዚህ ማሽኖች ላይ በሰከንድ እስከ 3500 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ በጣም ይራራቃል፤ ለቢሮ ሥራ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሄድ ነው ትልቁ ዝላይ። ዋጋቸው ከተቀራረበ ኤንቪኤምኢውን ውሰዱ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ነው እንጂ የፍጥነቱ አይደለም። ቅርጹ ኤም ዶት ቱ ሆኖ ውስጡ ሳታ የሆነ ኤስኤስዲ አለ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ደግሞ ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው የሚያነበው። ሳታውን ስትሰኩት ልክክ ብሎ ይገባል፤ ብሎኑም ይታሰራል፤ ባዮስ ግን "ምንም የለም" ይላችኋል። ሲገዙ የወርቅማውን ጥርስ ጫፍ እዩ። ሁለት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ በአብዛኛው ሳታ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ኤንቪኤምኢ ነው። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ማረጋገጥ ይቅደም። መጠኑ 2280 ይሁን፤ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የምታስገዙ ከሆነ "ለዴስክቶፕ የሚሆን ራም" ብላችሁ አትላኩ። ረጅሙን ይዞላችሁ ከች ይላል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ ራም፣ ዲዲአር 4፣ ኤስኦዲም፣ 8 ጊጋ፣ 2666፣ ሁለት ፍሬ። ኤስኤስዲ፣ ኤም ዶት ቱ 2280፣ ኤንቪኤምኢ፣ 500 ጊጋ። የአሁኑን ራም ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩለት ደግሞ ግልግል ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ፋይሎቻችሁን ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉን ጻፉና ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ያለ እሱ የድሮውን ዲስክ ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ማንበብ አትችሉም። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጁና በማይክሮሶፍት ነጻ ማዘጋጃ ፕሮግራም ዊንዶውስ ጫኑበት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የዊንዶውሱ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚታሰር ኤስኤስዲ ስትቀይሩ አይጠፋም። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ፣ ማለትም ሆምን በሆም፣ ፕሮን በፕሮ፣ ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል።

የድሮውን ሲስተም እንዳለ ከመገልበጥ አዲስ መጫን ይሻላል ባይ ነኝ። ያገለገለ ማሽን ላይ ማን ምን ጭኖበት እንደነበር አይታወቅም።

መክፈትና መግጠም

አጥፉት። ቻርጀሩን ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት የማሽኑን ብረት በባዶ እጅ ንኩ።

ከጀርባ አንድ ብሎን አለች። እሷን ፈትታችሁ ክዳኑን ወደ ፊት ስትገፉት ይንሸራተታል። ዴልና ኤችፒ ላይ ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ ከላይ ተቀምጦ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ መጀመሪያ እሱን አውጡ። የሌኖቮ ታይኒ ግን ያታልላል። የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ ራም ብትፈልጉ አታገኙም። እንደ ኤም 720ኪው ባሉት ላይ ራሙና ኤም ዶት ቱው ከታች በኩል ናቸው። የላይኛው ከወጣ በኋላ ገልብጣችሁ የታችኛውን ክዳን አንሸራቱ።

ራሙን ለማውጣት በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ብረቶች ወደ ውጪ ለቀቅ አድርጉ። ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። አዲሱን ስትከቱ ቁራጩን ከስሎቱ ጥርስ ጋር አስተያዩ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኑ። ሁለቱ ብረቶች "ቀጭ" ብለው መያዝ አለባቸው። የወርቅማው መስመር ብዙ ከታየ አልገባም። አውጡና ድገሙት።

ኤም ዶት ቱውም በሰያፍ ነው የሚገባው። ሰክታችሁ ስትለቁት ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል፤ ይሄ ጤናማ ነው። በጣታችሁ ወደ ታች ይዛችሁ በትንሿ ብሎን እሰሩት። ያቺ ብሎን ብዙ ጊዜ የለችም። ስሎቱ ባዶ ሆኖ ከኖረ ብሎኗ ያኔ አልተገጠመችም፣ ወይም አንዱ ፈትቶ ጥሏታል። ከኤስኤስዲው ጋር ሁልጊዜ አትመጣም፤ ስለዚህ ሲገዙ አብራችሁ ጠይቁ። ውስጥ ከወደቀች ማሽኑን ገልብጣችሁ ሳታወጧት ኤሌክትሪክ እንዳትሰኩ።

ከተከፈተ አይቀር አቧራውን ጥረጉ። ፋኑ በአየር እንዳይሽከረከር በጣት ያዙትና በብሩሽ አጽዱት። ማሽኑ ብዙ ዓመት ያገለገለ ከሆነና ፋኑ ያለማቋረጥ የሚጮህ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቋል ማለት ይሆናል። የሂት ሲንኩን፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ሙቀት አውጪ ብረት፣ ብሎኖች በሰያፍ፣ ተራ በተራ ፍቱ። የድሮውን በአልኮል ጥረጉ፣ አዲሱን የአተር ፍሬ የማታክል አኑሩ። ብዙ መቀባት አያቀዘቅዝም። ደካማዋን ክብ ባትሪም አሁኑኑ ቀይሯት።

መጀመሪያ ሲነሳ

ራም ከተቀየረ በኋላ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አትደናገጡ፤ አዲሱን ራም እየፈተሸ ነው። ቆይቶም ካልተነሳ፣ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ አጥፉና ራሙን አውጥታችሁ እንደገና ክተቱ። አንድ ራም ብቻ ይዞ ይነሳ እንደሆነም ሞክሩ።

ባዮስ ግቡና አዲሱ ዲስክና ጠቅላላው ራም መታየቱን እዩ። ዴል ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ሳታ ኦፕሬሽን የሚለው ሬይድ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ዊንዶውስ መጫኛው ዲስኩን ላያየው ይችላል። ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩት። ከጫናችሁ በኋላ ከነካካችሁት ግን ሲስተሙ አልነሳ ይላል።

ከፍላሽ ለማስነሳት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጄኔሬሽን ላላችሁ፣ ዊንዶውስ 11ን በጓሮ በር ከመጫን በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ብትሞክሩት እመክራለሁ። ብሮውዘርና ሊብሬኦፊስ ለሚበቃው ሰው ማሽኑ ገና ብዙ ይሄዳል።

የድሮውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉት። የገጠማችሁት ኤም ዶት ቱ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ በሰላም ከሠራ በኋላ ቦታው ላይ መልሱትና ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ አድርጉት።

ስልክስ?

ስልክ ላይ ነገሩ አጭር ነው። ራሙም፣ ስቶሬጁም፣ ፕሮሰሰሩም የተበየደ ነው። የገዛችሁት ቀን ያለው፣ እስከ መጨረሻው ያ ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ራም ፕላስ" ወይም "ተጨማሪ ራም" የሚል ካያችሁ እሱ እውነተኛ ራም አይደለም። ከስቶሬጁ ቆርሶ እንደ ራም ይጠቀምበታል፤ ስቶሬጅ ደግሞ ከራም በጣም ይዘገያል። "8 ሲደመር 8፣ 16 ጊጋ ራም" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ስልኩ 8 ጊጋ ነው።

ስትገዙ ስቶሬጁ ስንት ጊጋ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ጠይቁ። ርካሾቹ ላይ ዘገምተኛው ኢኤምኤምሲ አለ፤ ሻል ያሉት ላይ ፈጣኑ ዩኤፍኤስ። አዲስ ስልክ ሆኖ አፕ ሲከፍት የሚንቀራፈፈው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ ሳምሰንግ ከሆነ ኮከብ መሰላል ዜሮ ኮከብ መሰላል (*#0*#) ደውሉ። በብዙዎቹ ላይ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ የተቃጠለ ቦታ ካለ ያጋልጠዋል።

የሚቀየረው ባትሪ ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ባትሪ፣ ከዚያ የባትሪ ጤንነት የሚለውን እዩ። አፕል እንደሚለው የአይፎን 14ና ከዚያ በፊት የወጡት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 ፐርሰንት አቅም እንዲይዙ ነው የተሠሩት፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1000 ሆኗል። ከ80 በታች ወርዶ ካያችሁ የባትሪውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ጀርባው ወይም ስክሪኑ ከፍ ከፍ ያለ ስልክ ከሆነ ባትሪው አብጧል። አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ሠሪ ጋ ውሰዱት።

ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ ካላችሁ ኤ 1 ወይም ኤ 2 የሚል ምልክት ያለበትን ግዙ፤ ምልክቱ ጥቃቅን ፋይሎችን ቶሎ ቶሎ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል ያሳያል። ፌክ ካርድ ግን ሞልቷል። ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ ስልኩ ላይ 512 ብሎ የሚያሳይ አለ። መጀመሪያ ላይ እንደ ደህና ይሠራል፤ ከሞላ በኋላ ፎቶዎቹ አልከፈት ይላሉ። ስለዚህ ምንም ሳታስቀምጡበት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስኪሞላ ድረስ አስጽፉትና መልሳችሁ አስነብቡት። ትልቅ ካርድ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ ጀምራችሁት ተኙ። ጠዋት ቀይ ጽሑፍ ካሳየ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ነው።